ከአብሌሽን በኋላ አደገኛው የልብ ምት ይመለስ ይሆን? ጥያቄና መልስ

የምሠራው የልብ ምት ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ጥያቄዎቻችሁ በአብዛኛው ከታችኛው የልብ ክፍል ስለሚነሳው አደገኛ ፈጣን ምት፣ ማለትም ስለ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ናቸው። አብሌሽን የምንለው የምቱን መነሻ በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር በኩል ልብ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ማቃጠልን ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ «ምቱን ልናስነሳው ሞክረን እምቢ አለን» አለ። አባቴ ዳነ ማለት ነው?

መልስ፦ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም። ማቃጠሉ ሲያልቅ ልቡን ሆን ብለን እንተነኩሰዋለን። በካቴተሩ በኩል ተጨማሪ ምት እንልካለን፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። የሁላችንም ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው። ምንም ካልተነሳ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። ነገር ግን የተቃጠለው ቦታ ለጊዜው ያብጣል። እብጠቱ ሲጎድል ተዘግቶ የነበረ የኤሌክትሪክ መንገድ ሊከፈት ይችላል። አንዳንድ ሐኪሞች ከቀናት በኋላ በተተከለው መሣሪያ (አደገኛ ምት ሲነሳ በኤሌክትሪክ መትቶ በሚያቆመው አይሲዲ) በኩል ሙከራውን የሚደግሙት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከሁሉም በላይ ምኑን እንይ?

መልስ፦ እኔ የልብ ጡንቻው ላይ ያለውን ጠባሳና የልቡን ጉልበት አስቀድማለሁ። ልቡ ደም የመርጨት አቅሙ በጣም ከወረደ፣ የተለያየ ዓይነት ፈጣን ምት ከታየበት፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነሳበት ስጋቱ ከፍ ይላል። ጠባሳው የት እንዳለም ወሳኝ ነው። የደም ቧንቧ መዘጋት የሚተወው ጠባሳ ብዙ ጊዜ በውስጠኛው ገጽ በኩል ስለሆነ ካቴተሩ ይደርስበታል። በሌላ የልብ ጡንቻ ሕመም የመጣው ግን ግድግዳው መሃል ወይም በውጭ በኩል ሊሸሸግ ይችላል።

ጥያቄ፦ በቁጥርስ?

መልስ፦ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ12 ማዕከላት 2,061 ታካሚዎችን አይቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ምቱ አልተመለሰባቸውም።

ጥያቄ፦ ፔይንኤስዲ የሚባለው ነጥብስ?

መልስ፦ እሱ የተሠራው በሕክምናው ጊዜ የደም ዝውውር ይወድቅ ይሆን የሚለውን ለመገመት ነው። ለመመለሱ መለኪያ አታድርጉት።

ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በኋላ መሣሪያዬ አንዴ መታኝ። ከሸፈ ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ለዚያ ፍርድ አትቸኩይ። ድሮ በወር ስንት ጊዜ ይመታሽ ነበር? በጣም ከቀነሰ ሕክምናው ሠርቷል። መሣሪያው የምቱን ቅጂ ይይዛል። ሐኪምሽ ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ ያው ራሱ ይሁን አዲስ ያውቃል፤ ካስፈለገም አብሌሽኑ ይደገማል። አንዴ መቶሽ ደህና ከሆንሽ በዚያው ቀን ደውይላቸው። ከደጋገመሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ ወይም ደረትሽን ካመመሽ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። መድኃኒቱን ደግሞ በራስሽ እንዳታቋርጪ፣ አደራ።