ከወለሉ ሥር የሚያድሩ ከርከሮዎች

ጥያቄ፦ በባሌ፣ ዲንሾ አቅራቢያ በባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ያሠራኋት ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት አለችኝ፤ ለእንግዶች አከራያታለሁ። ወለሏ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከክረምት ወዲህ ከርከሮዎች ከሥሯ እያደሩ የቋሚዎቹን ግርጌ ቆፍረውታል። ሌሊት ደግሞ ኮርኒሱ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። ዘበኛዬ ከሥር እሾህ እንጠቅጥቅበት፣ ከላይ የአይጥ መርዝ እንበትን ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እሾሁን ከርከሮ በክራንቻው ገፍቶ ያወጣዋል። መርዙን ግን ጭራሽ አያስቡት፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ከርከሮ የፊት እግሮቹን አንበርክኮ በአፍንጫውና በክራንቻው መሬት የሚምስ እንስሳ ነው። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያለፈ አገር ስለሆነ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከወለልዎ ሥር ደረቅ አፈርና ከነፋስ የተጠለለ ማደሪያ አገኘ፤ ማን ይለቃል? የወጥ ቤት እጣቢም በአቅራቢያው የሚደፋ ከሆነ ጥሪው ድርብ ነው።

ስለ መዝጊያው ከማሰብዎ በፊት ግን ቋሚዎቹን ይመርምሩ። አንድ ካቻቢቴ ይያዙና እያንዳንዱን ቋሚ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ልክ በኃይል ይውጉት። ባሕር ዛፍ መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ የተማሰ ጉድጓድ ደግሞ ዝናብ አቁሮ መበስበሱን ያፋጥነዋል። ጫፉ ሸርተት ብሎ ከገባ እንጨቱ አልቋል፤ ወለሉን በሌላ እንጨት ደግፈው ቋሚውን ይለውጡ። ጤነኛ የሆኑትን ዙሪያቸውን በጠጠር ጠቅጥቀው፣ ከላይ ሲሚንቶ አልብሰው፣ ውኃ ወደ ውጭ እንዲፈስ አዘቅዝቀው ይጨርሱት።

ወደ መዝጊያው ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤቱን ዙሪያውን በግንብ በማፈን ነው። የእንጨት ወለል ከሥሩ ነፋስ ካላገኘ ጣውላው ላብ ይይዛል፣ ይሻግታል፣ በመጨረሻም ይጎብጣል። ስለዚህ ከወለሉ በደንብ ዝቅ ያለ የጥቁር ድንጋይ ግንብ ይሥሩ፤ መሠረቱ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ከግንቡ እስከ ወለሉ ያለውን ክፍተት በወፍራም የብረት ወንፊት ይሸፍኑት፤ ነፋስ በዚያ ያልፋል። የዶሮ ሽቦ ለዚህ አይሆንም፣ ከርከሮ እንደ ሸረሪት ድር ይበጣጥሰዋል። ከግንቡ ግርጌ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወንፊት ወደ ውጭ ዘርግተው አፈርና ድንጋይ ይጫኑበት። ቆፋሪ እንስሳ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው፤ ብረቱን ሲያገኝ ወደ ኋላ ሄዶ መጀመር አይመጣለትም።

አሁን ዋናው ነገር። ሦስቱን ጎን ጨርሰው አራተኛውን ክፍት ይተዉት። ከርከሮ ቀን ወጥቶ ሲግጥ ይውላል፣ ሲመሽ ይገባል፤ ስለዚህ መዝጋት ያለብዎት በጠራራ ፀሐይ ነው። ማለዳ በመውጫው ላይ አመድ ነስንሰው ዱካቸው ወደ ውጭ መውጣቱን ይዩ፣ ከዚያም በባትሪ መብራት ከሥር እየቃኙ ማንም አለመቅረቱን ያረጋግጡ። ትንንሽ ግልገሎች ካሉ እናታቸውን ተከትለው መውጣት እስኪጀምሩ ይታገሡ። ውስጥ የተዘጋባት እናት ወለልዎን በጣውላው በኩል ለመውጣት ትሞክራለች፣ ወጪው የእርስዎ ነው።

የኮርኒሱ እንግዳ ምናልባት አይጥ ነው፤ ኮቴው ከበድ ካለና ሽታው የሚከረፋ ከሆነ ሸለምጥማጥ ሊሆን ይችላል። መግቢያው በአብዛኛው አንድ ነው፦ የቆርቆሮው ሞገድ በጣራው ጠርዝ ላይ የሚተወው ቀዳዳ። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ወንፊት በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠው በአሸንዳው ሥር ይምቱበት። ሸለምጥማጥ ከሆነ ከጨለመ በኋላ፣ ለአደን ሲወጣ ይዝጉት። ጣራውን የሚነካ ቅርንጫፍ ካለም ይከርከም።

መርዙን የከለከልኩዎት በቀይ ቀበሮ ምክንያት ነው። በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ውስጥ ይኖራሉ፤ ምግባቸው አይጥና ፍልፈል ነው። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ደንዝዞ ሜዳ ላይ ሲንገዋለል የጉጉትና የቀበሮ ሲሳይ ይሆናል። ለአይጡ ወጥመድ በቂ ነው። ዘበኛዎ ውሻ ካለው ደግሞ ያስከትቡለት፤ የባሌን ቀበሮዎች በተደጋጋሚ የጨረሳቸው የእብድ ውሻ በሽታ የመጣው ከውሾች ነው።

እንግዶችዎ ለፎቶ ብለው ለከርከሮ ዳቦ የሚወረውሩ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ በር ላይ ማስታወቂያ ይለጥፉ። ግቢውን ግን በአጥር አይከልሉት። የደጋ አጋዘን ማለዳ በመስኮት ማየት እንግዳው የሚከፍልበት ነገር ነው፣ የእሾህ ሽቦ ደግሞ ግልገሉን ይይዘዋል።

ሥራውን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ይጀምሩት። ያን ጊዜ ሌሊቱ ስለሚበርድ አዲሱን ሲሚንቶ እስኪጠነክር ማታ ማታ በፕላስቲክና በጆንያ ይሸፍኑት፤ እርጥብ ሳለ ውርጭ ካገኘው ይፈረፈራል።