ዋጥኩ ብል የሚያምነኝ አጣሁ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ትዕግስቴ ስላለቀ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አለብሽ ተብዬ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ክኒን ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ 50 ማይክሮግራም ነበር፣ ከዚያ 75 ሆነ፣ አሁን 100 ላይ ነኝ። ለውጥ የለም። ድካሙ ያው ነው። ፀጉሬ ከማበጠሪያው ጋር እየተጠቀለለ ይወጣል። የደሴ ብርድ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ኮምቦልቻ ወርጄም ጋቢ አልጥልም። ክፍል ገብቼ የተማሪዎቼ ስም ይጠፋብኛል።

እሱንስ ለምጄዋለሁ። የሚያበግነኝ ሐኪሙ ነው። ቲኤስኤች የሚሉት የደም ምርመራ አለ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ውጤቱን አይቶ «ቲኤስኤችሽ አሁንም 12 ነው፤ ክኒኑን እየወሰድሽ አይደለም» አለኝ። እየወሰድኩ ነው አልኩት። ፈገግ አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያችው ፈገግታ። ሌት ተቀን ልጅ የማስተምር ሰው እንደ ልጅ ተቆጠርኩ። አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም! እንዳልረሳው ብዬ ሁልጊዜ ጠዋት ከቡና ጋር ነው የምውጠው። የምንኖረው አማቴ ግቢ ነው፤ ቡና በጠዋት ይፈላል። አቦሉ ሲቀዳልኝ ክኒኑንም፣ ለደም ማነስ የተሰጠኝን አይረንም አንድ ላይ እውጣቸዋለሁ። አማቴ ምስክሬ ናቸው።

ባለቤቴም ከሐኪሙ ጋር ወገነ። «የተማረው ሰው ያላመነሽን እኔ ምን ልበል?» ይላል። አማቴም ክኒኑን ስውጥ እያዩኝ፣ ለጎረቤት «እንቅልፍ አብዝታለች» ይሉልኛል።

ሌላ በሽታ የለብኝም። ጨጓራ ብቻ ነው። እሱንም ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እየገዛሁ ስንት ዓመት አስታግሼው ኖሬያለሁ። ማታ ማታ እግሬን ይወረኛል፤ አንዳንዴ ነጠላ ጫማዬ ሲወልቅ አይታወቀኝም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ምን ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ።

ሐኪም ልቀይር ወይ ብዬ ልጠይቅዎ ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሁለተኛ ልጅ እንፈልጋለን፤ መከላከያውን ትቼዋለሁ። የሰፈር ሴቶች «ይሄ ክኒን ለፅንስ አይሆንም» ይሉኛል። እንግዲህ ካልጠቀመኝ ምን ያደርግልኛል? አቁሜው ልጄን ልውለድና ከዚያ ብመለስበትስ?

የደከማት፣ ከደሴ

*

እህቴ፤

ክኒኑን እንዳታቆሚ። ሌላውን ሳታነቢ ብትተኚ እንኳ አልቀየምሽም፤ ይቺን ብቻ ያዢልኝ።

ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን አያመርትም። አእምሮው የሚሠራው ከእናቱ በሚያገኘው ነው። ክኒኑ ደግሞ የራስሽ አካል ማምረት የነበረበትን ሆርሞን የሚተካ ነው፤ ፅንስ አይጎዳም። የሚጎዳው መቅረቱ ነው። እንዲያውም ስታረግዢ መጠኑ ብዙ ጊዜ በሩብ ወይም በሲሶ ያህል ይጨመራል። በቲኤስኤች 12 ማርገዝ ለውርጃ ያጋልጣል። ሐኪሞች ከእርግዝና በፊት ከ2.5 በታች ሲወርድ ይወዳሉ። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ወደ መከላከያው ተመለሺ። የሰፈር ሴቶቹ ሲወለድ ገንፎ ያገንፉልሽ፤ መድኃኒቱን ለእኔ ተዪው።

አሁን ወደ ጨጓራሽ። «ጨጓራ ብቻ ነው» አልሽ። ብቻ! ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የፋርማሲ ባለሙያ ነኝና ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፤ ሥራው ነው። ነገር ግን የታይሮይዱ ክኒን በደንብ እንዲሟሟ አሲድ ይፈልጋል። አይረንም ይፈልጋል። ቫይታሚን ቢ 12ም ከምግብ ተላቆ እንዲወጣ ይፈልጋል። ለዓመታት አሲዱን ስታጠፊ ሦስቱንም በር ዘጋሽባቸው። በዚያ ላይ ጠዋት አይረኑን ደረብሽበት፤ አይረን ክኒኑን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ቡናውም መግቢያውን ያጠብበታል፤ አይረኑንም አይምርም።

ስለዚህ ወረቀቱ እውነት ነው፣ አንቺም እውነት ነሽ። ክኒኑን ዋጥሽው፤ ደምሽ ውስጥ ግን በበቂ አልገባም። አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር፤ «ከምን ጋር ነው የምትወስጂው?» መጠኑን ደጋግሞ ከመጨመር፣ ፈገግ ከማለትም በፊት ሊጠይቅሽ ይገባ ነበር። እኛም ከመስኮቱ ጀርባ የቆምነው ለዓመታት ኦሜፕራዞል ስንሸጥልሽ ማን አዘዘልሽ ማለት ነበረብን።

እግርሽስ? እዚህ ላይ እቆጣሻለሁ። ጫማ ሲወልቅ አለመታወቅ ከመቆም አይመጣም። የቢ 12 እጥረት ነርቭን ሲነካ እንዲህ ያደርጋል። ጉበት ቢ 12ን ለዓመታት ስለሚያከማች ማለቁ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ከቆየ ደግሞ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። አንድ ነገር ልብ በይ። ታይሮይድን የሚያደክመው ብዙ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ራሱ እጢውን ሲያጠቃ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ያው መከላከያ አንዳንዴ የጨጓራን ግድግዳም ያጠቃል፤ ያኔ ቢ 12 ከምግብ አይገባም፣ በመርፌ ይሰጣል። «ጾም አብዝተሽ ነው» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ቢ 12 ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሚገኝ ጾም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ሆድሽ ካልተቀበለው ግን የፋሲካ ዶሮም አይደርስልሽም። ስለዚህ ቢ 12ሽን፣ የደም መጠንሽንና የአይረን ክምችትሽን አስለኪ። ክምችቱ ፌሪቲን ይባላል፤ ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ።

ቡናውን ተዪ አልልሽም። ወሎ ውስጥ አማት ቡና ጠርተው አልጠጣም ማለት ጠብ መጫር ነው። ክኒኑን ወደ ማታ አዙሪው። እራት ከበላሽ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆይተሽ፣ ስትተኚ፣ በውሃ ብቻ ዋጪው። ማታ ካልተመቸሽ ሲነጋ በባዶ ሆድሽ ውጠሽ ቡናውን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አቆይው። አይረኑ ቀን ላይ ይሁን፤ ከታይሮይዱ ክኒን ቢያንስ አራት ሰዓት ይራቅ፣ ከቡናም ጋር አይሁን። ኦሜፕራዞሉን በራስሽ ውሳኔ ድንገት አትቁረጪው፤ ቃሩ ብሶ ሊመለስ ይችላል። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ጠይቂ፤ በላዩ ላይ ማስታገሻ ስትከምሪበት የኖርሽው እሱ ሊሆን ይችላል።

አወሳሰዱን ካስተካከልሽ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤችሽን በድጋሚ ተለኪ። ይቺን አትዝለይ። እስከዛሬ የማይገባው 100 አሁን በደንብ መግባት ሲጀምር ሊበዛብሽ ይችላል። ልብሽ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ ከራቀሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። እስከዚያው አብሽሪ፤ ድካምሽ ስንፍና አይደለም፤ አማትሽ የፈለጉትን ይበሉ።

ሐኪም ልቀይር ላልሽው፣ አንድ ዕድል ስጪው። የምትውጪውን ሁሉ፣ ሰዓቱንና ከምን ጋር እንደምትውጪው ጽፈሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት። ልጅ እንደምትፈልጊም ንገሪው። ባለቤትሽም አብሮሽ ይግባ፤ ከሐኪም አፍ ካልሆነ አላምንም ያለው እሱ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሳያነብ አሁንም ፈገግ ካለ፣ ያኔ ቀይሪው። የእግርሽን ጉዳይ ግን ለዚያ ቀጠሮ አታቆይው። ለእሱ በዚህ ሳምንት፣ ማንም ይሁን ያገኘሽው ሐኪም ዘንድ ሂጂ።