የሄደው ለምን አይመለስም? ስለ ድንበር ጥበቃና ስለ ስደት ሕግ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ድንበር ቁጥጥርና ስለ ስደተኞች ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱን በዚህ እትም እንመልሳለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ ከአገር ሲወጣ ሐሳቡ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ መቋቋሚያ ይዞ ለመመለስ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ አላገኘም፤ ሥራ ግን አላጣም። እናታችን ስታርፍ እንኳ ለቀብሯ አልመጣም፤ ቤተሰቡም በዚህ ተቀይሞታል። አገሮች ድንበራቸውን የሚያጠብቁት የውጭ ሰው እንዳይበዛባቸው ነው ይባላል። ታዲያ ቁጥጥሩ ይህን ያህል ከጠነከረ ገብተው የተቀመጡት ለምን ተማርረው አይመለሱም?

መልስ፦ በቅድሚያ በእናትዎ ማረፍ የተሰማንን ኀዘን እንገልጻለን። ወንድምዎ ከቀብሩ የቀሩት ጨክነው ነው ወይም ቤተሰባቸውን ረስተው ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ የጠነከረ ድንበር ሰነድ በሌለው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት ይገባል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ለመግባት ብዙ ገንዘብ ከፍሏል፣ ሕይወቱንም ለአደጋ አጋልጧል። ከወጣ ዳግመኛ ለመግባት ያንኑ ዕዳና ያንኑ አደጋ እንደገና መጋፈጥ አለበት፤ ስለዚህ አጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውስጥ ያለው ሰው ለመውጣት ይበልጥ ይፈራል።

ይህ በግልጽ የታየው በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ነው። ከ1942 እስከ 1964 ድረስ ሜክሲኮአውያን ሠራተኞች ብራሴሮ በተባለው የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት አማካይነት በኮንትራት እየገቡ በአሜሪካ እርሻዎች ይሠሩ ነበር። ስምምነቱ ሲቋረጥ እርሻውም ሠራተኛውም ባሉበት ቀጠሉ፤ የቀረው ሕጋዊው ወረቀት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ድንበሩ ያን ያህል የሚያስፈራ ስላልነበረ፣ ብዙዎቹ ለወቅቱ ሥራ ገብተው ሥራው ሲያልቅ ወደ ሚስትና ልጆቻቸው ይመለሱ ነበር። በ1993 በኤል ፓሶ፣ በ1994 ደግሞ በሳን ዲዬጎ ጥበቃው በእጅጉ ተጠናከረ። የታሰበው በከተሞቹ አቅራቢያ ያሉት መተላለፊያዎች ከተዘጉ ሰው በረሃውን አይቶ ሐሳቡን ይለውጣል ተብሎ ነበር። ሰው ግን ሐሳቡን ሳይሆን መንገዱን ለወጠ፤ ወደ አሪዞና በረሃ ዞረ። በሙቀትና በውኃ ጥም የሚሞተው ሰው በዛ፤ የአሻጋሪ ደላሎችም ዋጋ ናረ።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳግላስ ማሲ ከሜክሲኮአዊው ባልደረባቸው ከሆርሄ ዱራንድ ጋር ሆነው፣ የሜክሲኮ ስደተኛ ቤተሰቦችን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አጥንተዋል። የጥናታቸው ዋነኛ ድምዳሜ የጥበቃው መጠናከር የሚሄደውን ሰው ብዛት እምብዛም እንዳልቀነሰ፣ የሚመለሰውን ሰው ግን በከፍተኛ ደረጃ እንደቀነሰ ነው። በ1990 ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይገመት የነበረው በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የሚኖር ሰው በ2007 ወደ 12 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ለዚህ ዕድገት ሌሎችም ምክንያቶች ቢኖሩትም፣ ለወቅት ሥራ ብቻ የሄደው ሰው እዚያው መቅረቱና በኋላም ቤተሰቡን ወደዚያው መውሰዱ ትልቅ ድርሻ አለው።

ወንድምዎ የሚኖሩበትን አገር አልገለጹልንም። አሜሪካ ከሆነ ሌላ እንቅፋትም አለባቸው። በ1996 የወጣው ሕግ ከ180 ቀናት በላይ፣ ነገር ግን ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣን ሰው ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣን ደግሞ ለ10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ያግዳል። ያለ ፈቃድ የሚኖር ሰው ዘወትር የመባረር ሥጋት ቢኖርበትም፣ ይህኛው እገዳ የሚወድቅበት ከአገሪቱ ሲወጣ ነው። ለእናቱ ቀብር ተነሥቶ የሄደ ሰው በዚያው ዕለት የ10 ዓመት እገዳ ሊጠብቀው ይችላል ማለት ነው። ይህን ያወጡት ሕግ አውጪዎች ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይቆይ ለማድረግ አስበው ቢሆንም፣ ሕጉ በተግባር ሰውን ባለበት አስሮ ያስቀመጠ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

አውሮፓም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ከ1955 እስከ 1973 ድረስ ወደ ምዕራብ ጀርመን ከገቡት 14 ሚሊዮን ገደማ የውጭ ሠራተኞች መካከል 11 ሚሊዮን ያህሉ ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። በ1973 መጨረሻ መንግሥት ሠራተኛ ማስመጣቱን ሲያቆም ግን የቀሩት ሰዎች ከወጡ ዳግመኛ እንደማይገቡ ተረዱ፤ ስለዚህ ተቀምጠው ሚስትና ልጆቻቸውን አስመጡ። በአንጻሩ በ2004 ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን ወደ ብሪታንያ በነጻነት የገቡ ፖላንዳውያን ብዙ ነበሩ፤ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ ተመለሱ፤ እንደገና መሄድ ቢፈልጉ የሚከለክላቸው አልነበረም።

ወንድምዎ ከመነሣታቸውም ሆነ ማንኛውንም ማመልከቻ ከማስገባታቸው በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንዲያማክሩ አጥብቀን እንመክራለን። ጉዳይ እናስፈጽማለን የሚሉ ደላሎች ያበላሹትን ፋይል በኋላ ማቅናት እጅግ ከባድ ነው። እናትዎን ሳይቀብሩ መቅረታቸው ለእርሳቸውም ቀላል እንዳልሆነ እናምናለን፤ ይህን በስልክ ጠይቀው ከራሳቸው አንደበት እንዲሰሙት እንለምንዎታለን።

ጥያቄ፦ ባሕር ለማቋረጥ በጀልባ የሚሄዱ ስደተኞች ለደላላ የሚከፍሉት ከአውሮፕላን ትኬት እንደሚበልጥ ሰማሁ። ገንዘቡ ካላቸው ለምን በአውሮፕላን ሄደው ጥገኝነት አይጠይቁም?

መልስ፦ የሰሙት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የ1951 የስደተኞች ስምምነት ጥገኝነት ጠያቂን ከአደጋ ይጠብቃል፤ ሰውየው ወደዚያ አገር እንዲደርስ ቪዛ እንዲሰጠው ግን መንግሥታትን አያስገድድም። መብቱን ለመጠየቅ በድንበሩ ላይ መገኘት ያስፈልጋል፤ እዚያ የሚያደርሰው ሕጋዊ መንገድ ደግሞ ዝግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ያወጣው መመሪያ፣ በቂ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ይዞ የመጣ አየር መንገድ በእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ በሺዎች ዩሮ የሚቆጠር መቀጮ እንዲጣልበት ያደርጋል። መመሪያው የስደተኞች ስምምነት ግዴታዎች እንደተጠበቁ ናቸው ቢልም፣ ትኬት የሚመረምረው ሠራተኛ ማን ከሞት እንደሸሸ የሚለይበት ሥልጣንም ጊዜም የለውም፤ ስለዚህ ቪዛ የሌለውን ሁሉ ይመልሳል። ድንበሩ እንዲህ ባለ መንገድ ወደ መነሻው አየር ማረፊያ ተዛውሯል ማለት ይቻላል። በጥቅምት 2013 በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ።

ያለ ሰነድ መግባት በራሱ የጥገኝነት መብትን እንደማያሳጣም መታወቅ አለበት። የስምምነቱ አንቀጽ 31፣ ከአደጋ በቀጥታ ሸሽቶ የመጣና ሳይዘገይ ለባለሥልጣናት ቀርቦ ምክንያቱን ያስረዳ ስደተኛ በአገባቡ ምክንያት እንዳይቀጣ ይከለክላል። አንቀጽ 33 ደግሞ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ እንዳይመለስ ያዝዛል። ጣሊያን በ2009 ሶማሊያውያንና ኤርትራውያንን ከባሕር ላይ ወደ ሊቢያ በመለሰች ጊዜ፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2012 ጥፋተኛ አድርጓታል፤ ሰዎቹ በጣሊያን መርከቦች ላይ እስከነበሩ ድረስ ኀላፊነቱ የጣሊያን ነው በማለት።

ጥያቄ፦ የምታነሡት ሁሉ የስደተኛውን ችግር ነው። መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅ መብት የለውም ወይ?

መልስ፦ አለው። የዜጎቹንም ደኅንነት መጠበቅ ግዴታው ነው። የስደተኞች ስምምነቱ ራሱ የጦር ወንጀል የፈጸመ ሰው ከለላውን እንዳያገኝ በግልጽ ይከለክላል። የምንቃወመው ሠራተኛ የሚፈልግ አገር ጉልበቱን ተቀብሎ ፈቃዱን ሲከለክልና ከዚያም ሰውየው ለምን ያለ ፈቃድ ተገኘ ብሎ ሲቀጣ ነው። ጥበቃና ሕጋዊ መግቢያ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ አሠራርም አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው የወቅት ሠራተኞች መመሪያ መሠረት አንድ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ ከ5 እስከ 9 ወራት ሠርቶ ይመለሳል፤ ደንቡን አክብሮ ከተመለሰም በቀጣዮቹ ዓመታት እንደገና የሚገባበት ሂደት ይቀልለታል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በመካከሉ ቤቱን የሚያይበት ጊዜ ስላለው ተደብቆ የሚቀርበት ምክንያት ይቀንሳል፤ መንግሥትም ማን እንደገባና ማን እንደወጣ በመዝገቡ ያውቃል።