ፒያሳ ላይ «መንጎራደድ»

ጥያቄ፦ ደሴ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ማታ እናቴ ደውላ የት እንዳለሁ ጠየቀችኝ። «ፒያሳ እየተንጎራደድኩ ነው» ስላት «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» ብላ ደነገጠች። መንጎራደድና መንሸራሸር አንድ አይደሉም እንዴ? ለተማሪዎቼም «ስትሮል»፣ «ሶንተር»ና «አምብል»ን ሁሉ «መንሸራሸር» እያልኩ ነው የምተረጉመው።

መልስ፦ አብሽር፣ ቃሉ አማርኛ ነው። እናትህ ግን መደንገጣቸው ልክ ነው።

የሚንጎራደድ ሰው ሐሳብ ይዞታል። ቦታውም ጠባብ ነው፤ ጥቂት ይራመዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይራመዳል። ሚስቱ ምጥ ላይ ያለች ባል ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይንጎራደዳል። የተቆጣ አለቃም ቢሮው ውስጥ እንደዚያው። ኩራትም ያንጎራድዳል፤ «ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል» ሲባል ሰውየው መታየት ፈልጓል ማለት ነው። እናት ይህን በስልክ ብትሰማ አይገርምም።

የሚንሸራሸር ሰው ነፋስ ሊቀበል ነው የወጣው። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቢሄድ፣ መንገድ ላይ ቡና ቢጠጣ፣ ቢመለስ ባይመለስ ግድ የለውም። ሽርሽር እግርም አይጠይቅም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ሄዶ ሐይቅ ዳር ዓሣ በልቶ የተመለሰ ሰው «ሽርሽር ነበርኩ» ቢል ማንም አያርመውም። ስብሰባ ላይማ ሐሳብ ራሱ ይንሸራሸራል። (ሐሳብ ሲንጎራደድ ግን ሰምቼ አላውቅም።)

«ማዝገም» ከዚህ ወገን አይደለም። የጦሳን ተራራ ሲወጣ እግሩ የከዳው ሰው ያዘግማል፤ ወዶ ግን አይደለም።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመጣ «ስትሮል»ን መንሸራሸር ማለትህ ጥሩ ነው። «ሶንተር» ግን ግዴለሽነት አለበት። አርፍዶ መጥቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ዘና ብሎ ክፍል የሚገባውን ተማሪህን አስብ። «መንጎማለል» ይቀርበዋል፤ ያም ቢሆን የእኛው ግርማ ይበዛበታል።

የሚጥመው «አምብል» ነው። ቃሉ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን እንግሊዝኛ ውስጥ መጀመሪያ የሚነገረው ለፈረስ ነበር፤ የተቀመጠበትን ሰው የማያናውጥ ለስላሳ አካሄድ ማለት ነው። ለሰው የዋለው በኋላ ነው። ወሎ ውስጥ ሰጋር በቅሎ የሚያውቅ አዛውንት ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። እኛ ግን «ሰገረ»ን ለበቅሎዋ ትተን፣ ወደ ሰው ያሻገርነው «ሶምሶማ»ን ነው። ስለዚህ ለሰው ሲሆን «ዘና ብሎ ተራመደ» በል፣ ለተማሪዎችህ ግን የበቅሎዋን ነገር ጨምርላቸው።