«ክራሬን ከባለቤቴ ደብቄ ነው የምጫወተው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖራለን። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናት ልጅ አለችን። እኔ ብሔራዊ ቲያትር አጠገብ አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እሱ የግል ድርጅት ውስጥ ይሠራል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ክራር እደረድራለሁ። ሳላገባ በፊት ከጓደኞቼ ጋር ሠርግ ላይም እንጫወት ነበር። ልጄ ስትወለድ ክራሩ ቁምሳጥን ላይ ወጣ። ባለፈው ዓመት መልሼ አወረድኩት። ማታ ሁለቱ ሲተኙ ኩሽና እገባለሁ። በሩን ዘግቼ፣ በክሮቹና በቆዳው መሃል የልጄን ፎጣ ጠቅጥቄ፣ ድምፁን አፍኜ እለማመዳለሁ። የራሴን ዜማም እሠራለሁ። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ልምምድ ጀመርኩ። ለባለቤቴ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እለዋለሁ።

በቀደም ጓደኛው ክራር ይዤ ስሄድ አይቶኝ ነገረው። ባለቤቴ አልጮኸም። «ለክራር ብለሽ ነው የዋሸሽኝ?» አለና ዝም አለ። ይኸው ሁለት ሳምንቱ። አማቴ «የልጅ እናት ክራር ምን ያደርግላታል? አዝማሪ ነው እንዴ ያገባኸው?» ብለዋል። እኔን የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ልጄ «እማዬ፣ እማዬ» እያለች ቀሚሴን ስትጎትት፣ ሐሳቤ ዜማው ላይ ስለነበር አልሰማኋትም። ክፉ እናት ነኝ? ክራሩን ልሽጠው?

መልስ፦ ክራሩን አትሽጪው። ቢያንስ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ።

ደብዳቤሽ ውስጥ አልፌው መሄድ ያቃተኝ ነገር ፎጣው ነው። የራስሽን ክራር፣ በራስሽ ኩሽና፣ በእኩለ ሌሊት፣ የልጅሽን ፎጣ ጠቅጥቀሽበት። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ሌባ ነው። አንቺ ግን የሰረቅሽው የማንን ነው?

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ለዚህ ነው። ባለቤትሽ «አትጫወቺ» ያለበትን ቦታ ፈለግኩ። አጣሁት። ክራሩን ቁምሳጥን ላይ ማን እንዳወጣው እንኳ አልጻፍሽም። «ወጣ» ነው ያልሽው፤ ራሱ ተነስቶ የወጣ ይመስል። እንደኔ ግምት ሳትጠይቂው በፊት በእሱ ስም ፈርደሽ ጨርሰሻል። «እምቢ ይለኛል» ብለሽ ሳይሆን፣ አንቺው ራስሽ በልብሽ «የልጅ እናት ክራር ምን ያደርግላታል?» ስለምትዪ ነው። አማትሽ ዘግይተው ነው የደረሱት። አንቺ ቀድመሻቸዋል።

አልፈርድብሽም። እኔም ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ መጽሐፍ ለማንበብ መታጠቢያ ቤት እደበቅ ነበር። ሰው እንዳይጠረጥር ውሃውን ከፍቼ። የወሩ የውሃ ክፍያ ሲመጣ ባለቤቴ ቱቦ የፈነዳ መስሎት ቧንቧ ሠራተኛ ጠራ። ሰውየው ግድግዳውን ሊሰብር መዶሻ ሲያነሳ ነው የተናዘዝኩት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። እሱን የጎዳው ክራሩ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ረቡዕ ሲመጣ «አይ፣ ሥራ በዝቶባት ነው» እያለ ለልጁ እራት ያበላው ሰው፣ ነገሩን ከጓደኛው አፍ ሰማ። ያዋረደው ይሄ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታወሩት ስለ ሙዚቃ እንዳይሆን። «ዋሽቼሃለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» በዪና እዚያው አቁሚ። እኛ አገር ይቅርታ ስንጠይቅ «ግን» የምትባል ቃል ካላስከተልን አይሆንልንም። «ይቅርታ፣ ግን አንተም እኮ...» ካልሽ ይቅርታው ፈሰሰ። እሱ የሚለውን ስሚ። ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ። የሁለት ሳምንት ዝምታ መውጫ ይፈልጋል። ስለ ክራሩ በሌላ ቀን አውሩ። በማግስቱ ቢሆን እንኳ ይሻላል።

የአማትሽን ነገር ብዙ አልሄድበትም። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሰዎች ክራርን የሚያዩበት ዓይን የታወቀ ነው። በገና ለመዝሙር ተከበረ፣ ክራር ለዘፈን ቀረና ስሙ ከመጠጥ ቤት ጋር ተያዘ። «አዝማሪ» የሚለውም ሙያ ሆኖ ሳለ ስድብ ሆነ። ይሁንና ከቢሮሽ ጎን ያለው፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ቲያትር ቤት መድረክ ላይ አስናቀች ወርቁ ተውናለች። ክራሯን ይዛም ተጫውታበታለች። ዛሬ ስሟ ሲነሳ «አዝማሪ» ብሎ የሚሰድባት የለም። ይህን ሄደሽ ለአማትሽ ንገሪያቸው አላልኩም። ከእሳቸው ጋር አትከራከሪ። እናቱን የሚያናግር ባለቤትሽ ነው። እሱ ደግሞ የሚያናግራቸው መጀመሪያ አንቺ ከታረቅሽው ነው።

ከሁሉ የከበደሽ ግን ልጅሽ ቀሚስሽን የጎተተችበት ቅጽበት ነው። እስቲ እሱ ላይ ረጋ እንበል።

ሮበርት ቫለራንድ የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ሰው ለሚወደው ሥራ ያለውን ፍቅር ለሁለት ከፍሎ አሳይቷል። አንዱ ከቀረው ሕይወት ጋር የሚስማማ ነው። ታነሺዋለሽ፣ ትሠሪዋለሽ፣ ስታስቀምጪው ይቀመጥልሻል። ሌላው ያዥ ነው። አንቺ ብታስቀምጪውም እሱ አያስቀምጥሽም። እራት ላይም፣ ሥራ ላይም፣ ልጅ እያጠብሽም አብሮሽ ነው። ልብ በዪ፣ ሁለቱም ፍቅር ናቸው። ልዩነቱ ከኑሮሽ ጋር ያለው ግንኙነት ላይ ነው።

የአንቺ ወደ ሁለተኛው ያዘነበለ ይመስለኛል። ምክንያቱ ግን ክራርን ከልጅሽ አብልጠሽ መውደድሽ አይደለም። የኔ የምትዪው ሰዓት ስለሌለሽ ነው። ቁርጥ ያለ ሰዓት የሌለው ነገር ሰዓቱን ሁሉ ይወርሳል። ዜማዋ ረቡዕ 12 ሰዓት ላይ ቦታ እንዳላት ብታውቅ ማክሰኞ ጠዋት እየመጣች አትነዘንዝሽም። አሁን ግን «እረሳት ይሆን? መቼ እመለስባት ይሆን?» እያልሽ ቀኑን ሙሉ በልብሽ ታዝያታለሽ። ልጅሽ ስትጠራሽ እጅሽ ባዶ ነው፤ ልብሽ ግን ተይዟል። ክፉ እናት ነሽ ወይ ላልሽው፣ አይደለሽም። ለሁለት የተከፈልሽ እናት ነሽ።

አንድ ጊዜ አለመስማትሽ ደግሞ ልጅ አይሰብርም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ተንታኝ ዶናልድ ዊኒኮት፣ ልጅ የሚያስፈልጋት ፍጹም እናት ሳትሆን «በቂ እናት» ናት ይል ነበር። እናት እንደ ልጇ ዕድሜ ቀስ በቀስ የምታጎድላቸው ትንንሽ ነገሮች፣ ልጅ ዓለም ሁሉ በእሷ ፈቃድ እንደማይሄድ የምትለምድባቸው ናቸው። ጉዳቱ መደጋገም ላይ ነው። ስለዚህ ዜማ ድንገት ሲመጣብሽ ስልክሽን አውጪና አሥር ሰከንድ አንጎራጉሪበት። ከዚያ ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጪና ወደ ልጅሽ ዙሪ። «ቆይ» አትበያት። ለሁለት ዓመት ልጅ «ቆይ» ማለት መቼም ማለት ነው።

ረቡዕን ላንቺ ስል ባለቤትሽ ብቻውን ከልጁ ጋር ይሆናል ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ጥፋት ሲሠሩ አያለሁ። ነገሩ ከወሊድ ይጀምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን (ቁጥር 1156/2011) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። በሦስት ቀን ማን ምን ይማራል? እናት አዋቂ ሆና ትቀራለች፣ አባት ረዳት። «እንዲህ አይደለም የሚታጠፈው፣ ስጠኝ» እየተባለ ሁለት ዓመት ያልፋል። ያንቺ ባል ግን ሳታስቢው ሦስት ወር ረቡዕ ረቡዕ ተለማምዷል። ልጅሽ በልታለች፣ ተኝታለች። ስለዚህ ፒያሳ ሆነሽ «በላች ወይ?» እያልሽ አትደውዪ። ካልሲዋ ለየቅል ሆኖ ብታገኚውም ዝም በዪ።

ለእሱም የእሱ ቀን ይኑረው። ኳስ ይይ፣ ከጓደኛው ጋር ቡና ይጠጣ፣ የፈለገውን። አንቺ ብቻ የምታገኚው «ፈቃድ» ከሆነ ውለታ ይሆናል። ውለታ ደግሞ በጭቅጭቅ መሃል ይቆጠራል። ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ መሰለሽ፣ «እኔ እኮ ክራርሽን ፈቅጄልሽ...» ሲባል።

የሌሊቱን ኩሽና ተዪው። ጠዋት ሒሳብ የምትሠሪ ሰው ነሽ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱን የሚጨርሰው ልጁ ላይ ነው። ከዚያ ይልቅ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይ ሳለ፣ ሳሎን ላይ ክራሩን ያለ ፎጣ አውጪው። ልጅሽም ትምታው። ቅኝቱን ታበላሸዋለች፤ ትዝታሽ ምን እንደሚሆን እንጃ። መልሰሽ ትቃኚዋለሽ። የሠራሽውን ዜማ ግን ለባለቤትሽ አሰሚው። ሰምቶት አያውቅማ። ሁለት ሳምንት ያኳረፋችሁን ነገር እስከ ዛሬ አልሰማውም።

ሰምቶም፣ ይቅርታሽንም ተቀብሎ «በፍጹም አይሆንም» ካለሽ ጉዳዩ የሙዚቃ አይደለም። ያኔ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ባለሙያ ኑ። እዚያ የሚደርስ ግን አይመስለኝም። «ለክራር ብለሽ?» ያለ ሰው ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ግራ መጋባት ይሰማኛል።

የሚመጣው ረቡዕ ክራሩን በትከሻሽ አንጠልጥለሽ፣ ልጅሽን ስመሽ፣ «ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ብለሽ ውጪ። ሁለት ሰዓት ላይም ድረሺ። ፎጣውን ደግሞ እጠቢና ለልጅሽ መልሽላት።