ጭኔ ላይ የወጉኝ ምን ነበር? ስለ ምጥና ስለ አራስ ቤት መድኃኒቶች የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። እናት ወለደች፣ ተወጋች፣ ኪኒን ተሰጣት፣ ቤቷ ገባች። ምን እንደተሰጣት ግን የነገራት የለም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዓመታት ስለሠራሁ ሥራው እንዴት እንደሚያጣድፍ አውቃለሁ። አንዷን ሳታነሺ ሌላዋ ትጣራለች። ቢሆንም «ይሄ እንዲህ የሚባል መድኃኒት ነው፣ ለዚህ ነው የምሰጥሽ» ማለት አስር ሰከንድ አይፈጅም። ሳይነገራችሁ ለቀራችሁት እነሆ።

«የወለድኩት ከባህር ዳር ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ልጁ ገና እንደወጣ ጭኔ ላይ ወጉኝ። አማቴ የወሊድ መከላከያ ወግተውሽ ነው፣ ደግመሽ አትወልጂም አሉኝ። እውነት ነው?»

አይደለም እህቴ፣ አትስጊ። የተወጋሽው ኦክሲቶሲን ይባላል። ልጁ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ጡንቻ ላይ ይሰጣል፣ ለወለደች እናት ሁሉ። ሥራው ማህፀን እንዲኮማተር ማድረግ ነው። እንግዴ ልጁ በተላቀቀበት ቦታ ደም ስሮች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ፤ ማህፀኑ ጭብጥ አድርጎ ካልያዛቸው እናት በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ደም ልታጣ ትችላለች። በአገራችን እናቶችን በወሊድ ከሚነጥቁን ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ይኸው መድማት ነው። መርፌውን ከሰጠን በኋላ ከእምብርት ዝቅ አድርገን ሆድሽን የምንዳስሰው ለዚህ ነው። ያ ለስላሳ የነበረው ነገር መዳፌ ስር እንደ ኳስ ጠጠር ሲልልኝ ያኔ ነው እኔም የምተነፍሰው።

ለዓመታት የሚያገለግለው የወሊድ መከላከያ ክንድ ላይ ከቆዳ ስር ነው የሚቀበረው፣ ጭን ላይ አይደለም። እሱም ቢሆን አንቺ ሳትፈቅጂ አይደረግም፣ ሲወጣም መውለድ ይቻላል። አማትሽን እንዲሁ አስረጃቸው፣ የተናገሩት ለአንቺ ከማሰብ ነው።

እግረ መንገዴን ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። ጠዋት ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የዋለ አምፑል፣ ማለትም የመርፌው መድኃኒት ያለበት ትንሽ ብልቃጥ አይቻለሁ፣ ያውም ደጋግሜ። ሲያዩት ምንም አይለይም፣ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ነው። ኃይሉ ግን እየተሟጠጠ ይሄዳል፣ እናትየዋ ስትደማ ደግሞ ምክንያቱ ግራ ይገባናል። እባካችሁ አንዷ ስትገፋ ብቻ አውጡት።

ይኸው መድኃኒት ምጥ ለማፋጠንም ይሰጣል። ያኔ ግን ግሉኮስ ውስጥ ተጨምሮ፣ ጠብታው እየተቆጠረ፣ የልጁ የልብ ምት እየተደመጠ ነው። ልጅ ሳይወጣ «ቶሎ እንድትገላገይ» ብሎ ጡንቻሽ ላይ ሊወጋሽ የሚመጣ ሰው ካለ እምቢ በይ። ማህፀን ሊቀደድ፣ ልጅም ሊታፈን ይችላል።

«ደሜ ኦ ኔጋቲቭ ነው። የመጀመሪያዬን ስወልድ ማንም ምንም አላለኝም። አሁን የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሾተላይ አለብሽ ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ።»

በመጀመሪያ አሁን መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። ድሮ ልጅ እየተወለደ፣ ቢጫ እየሆነ ወይም ማህፀን ውስጥ እያለ ሲሞትባት እናት «ሾተላይ አለባት» ትባልና መንፈስ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስንት ሴት በዚህ ስም ትዳሯ ፈርሷል፣ ስንቷ አንገቷን ደፍታ ኖራለች። ጉዳዩ የደም ነው። የእናት ደም ኔጋቲቭ፣ የልጁ ደግሞ ከአባቱ ወርሶ ፖዘቲቭ ሲሆን በወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናት ይገባል። የእናት ሰውነት ባዕድ መጣብኝ ብሎ መከላከያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ መከላከያው የሚያጠቃው ቀጣዩን ነው።

ይህን የሚያስቀረው መርፌ አንቲ ዲ ይባላል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ፅንስ ሲወርድ ወይም ሲቋረጥም እንደዚሁ፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አንቺ የምታደርጊው፦ ነገ ዛሬ ሳትይ ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባለውን የደም ምርመራ አሠሪ። ደምሽ ውስጥ መከላከያው አለ ወይ የሚለውን የሚያሳየው እሱ ነው። ከሌለ የመጀመሪያው ወሊድ አልጎዳሽም ማለት ነው፤ በ28ኛው ሳምንት አንድ መርፌ፣ ከወለድሽ በኋላ ደግሞ ሌላ ትወስጃለሽ። ካለ መርፌው ከእንግዲህ አይረዳሽም፣ ክትትልሽ ግን ስፔሻሊስት ባለበት ሆስፒታል መሆን አለበት። ከባድ ነገር ቢሆንም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። መርፌው ዋጋው የሚከብድ፣ በየመድኃኒት ቤቱም የማይገኝ ስለሆነ ባለቤትሽ ከአሁኑ ማፈላለግ ይጀምር። የ72 ሰዓት ቆጠራ ከጀመረ በኋላ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሮጠ አባት አይቻለሁ። ለማንም አልመኝም።

«እህቴ በግፊት ምክንያት ስትወልድ ማግኒዚየም የሚባል ሰጧት። እሳት ለቀቁብኝ እያለች ጮኸች። በዚያ ላይ በየ4 ሰዓቱ መቀመጫዋን ይወጓት ነበር። ይሄን ያህል ማሰቃየት አስፈላጊ ነበር?» ከአዳማ

አስፈላጊ ነበር። ሙቀቱ እውነት ነው፣ በደም ስር ሲገባ ፊትና ደረት ይግላል፣ ብዙም ሳይቆይ ይበርዳል። የመቀመጫው መርፌም ያማል፣ መጠኑ ብዙ ስለሆነ። ግን ማግኒዚየም ሰልፌት ግፊቷን የሚቀንስ አይደለም፣ ግፊቱ ከሚያመጣው ራስን ከሚያስት መንቀጥቀጥ የሚያድናት ነው። ከ33 አገሮች የመጡ ከ10 ሺህ በላይ እናቶች የተሳተፉበትና በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የመንቀጥቀጥ አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከወሊድ በኋላ 24 ሰዓት የሚቀጥለውም እናት ከወለደች በኋላም ልትንቀጠቀጥ ስለምትችል ነው። ጉልበቷን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉ፣ ትንፋሿን ሲቆጥሩ፣ ሽንቷን ሲለኩ አይተሽ ይሆናል። መድኃኒቱ እንዳይበዛባት እየጠበቋት ነበር። ያሳዘነኝ እሳት እንደሚመስል አስቀድሞ አለመነገሯ ነው። ቢነገራት ያን ያህል ባልደነገጠች።

አሁን ቤት ከገባች የግፊት ኪኒኗን «ወልጃለሁ እኮ» ብላ እንዳታቆም። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መጋረድ ወይም ከጡቶቿ በታች ሆዷ ላይ ሕመም ካለ ሌሊትም ቢሆን ውሰዷት።

«ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። በኦፕሬሽን ወልጄ ኦክሲኮዶን፣ ታይሌኖልና አይቡፕሮፌን ሰጡኝ። ጡት ስለማጠባ ፈርቼ አንዱንም አልወሰድኩም። እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችው ፓራሲታሞል አለ።»

ሕመም ይዘሽ ጡት ማጥባት አይሆንልሽም፣ ራስሽን አታሰቃዪ። ታይሌኖልና አይቡፕሮፌን ለምታጠባ እናት ተስማሚ ናቸው፣ ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ግፊት ካለብሽ ግን አይቡፕሮፌኑን ሐኪምሽን ጠይቂበት። ኦክሲኮዶኑ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ስለሆነ እነዚያ አልበቃ ሲሉ ብቻ፣ በትንሽ መጠን፣ ለጥቂት ቀን ነው። ስትወስጂው ልጁን እዪው፦ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ፣ ለመጥባት ከሰነፈ ወይም ትንፋሹ ከከበደ አቁሚና ወዲያው ደውዪ። ኮዴይንና ትራማዶል የሚባሉትን ማስታገሻዎች ለምታጠቡ ደግሞ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 እ.ኤ.አ. አይመከርም ብሏል።

እናትሽ ያመጣችው ፓራሲታሞል ራሱ ታይሌኖል ነው፣ ስሙ ነው የተለየው። ሁለቱን ደራርበሽ እንዳትውጪ፣ ጉበት ይጎዳል።

ልጁ ጡት ሲይዝ ሆድሽን እንደ ምጥ ቁርጥ የሚያደርግሽም ያው ኦክሲቶሲን ነው፣ ይሄኛው ከራስሽ የሚመነጨው። ከጥቂት ቀን በኋላ ይተውሻል።

«ገጠር ነን፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ለባለቤቴ 3 ኪኒን ሰጠች፣ ከወለደች በኋላ ትውጠው አለች። እናቴ ደግሞ ምጡ ከከበዳት ቀደም ብላ ብትወስደው ያፋጥንላታል ትላለች።»

በፍጹም ወንድሜ። ይሄ ሚሶፕሮስቶል ነው፣ ሦስቱ አንድ ላይ 600 ማይክሮግራም። መርፌው በማይደርስበት ቦታ የመድማት መከላከያ ነው። ልጅ ሆድ ውስጥ እያለ ከተዋጠ ያን ሁሉ ጉልበት ማህፀኑ ልጁ ላይ ያሳርፈዋል። ልጁ ይውጣ፣ ሌላ መንታ አለመኖሩ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ትዋጥ።

ስትወስደው ብርድ ብርድ ይላታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትኩሳትም ይኖራታል። ምች መትቷታል ብላችሁ ዳማከሴ ፍለጋ እንዳትሮጡ። ኪኒኑ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ይለቃታል። በማግስቱም ካልለቀቃት ወይም ፈሳሿ ከሸተተ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ጊዜ አትፍጁ። ሁሉንም ቻሉ ማለቴ አይደለም፤ መንገድ ካለ ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው አጠገብ ዘመድ ቤት ብትቀመጥ ይሻላታል። በመንግሥት ጤና ተቋም ወሊድ አይከፈልበትም።

«የደም ማነስ ኪኒኑ ዓይነ ምድሬን አጠቆረው፣ ሆዴንም አደረቀኝ። ብተወውስ?»

አትተዪው። መጥቆሩ አይረንን ስለያዘ ነው፣ ደም አይደለም። ከወለድሽ በኋላም ለ3 ወር ያህል ትቀጥያለሽ። አራስ ቤት ቡና ከጠዋት እስከ ማታ ይፈላል፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር አንድ ስኒ ትቀምሻለሽ፣ ኪኒኑንም በዚያው ትውጪዋለሽ። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ሰውነትሽ እንዳይገባ ያግዱታል። ከቡናው ሁለት ሰዓት አርቀሽ በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ውሰጂው። ለድርቀቱ ውሃ፣ ጎመንና ተልባ ይረዱሻል። ኪኒኑንም ትልቁ ልጅሽ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ። ከረሜላ ይመስላል፣ ለሕፃን ግን መርዝ ነው።