311ም እምቢ አለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፕሮግራም መጻፍ ገና እየተማርኩ ነው። የጻፍኩት ቆጣሪ 2147483647 ላይ ሲደርስ ድንገት ወደ ኔጌቲቭ ዞረብኝ። ጓደኛዬ «እሱ እኮ ፕራይም ቁጥር ነው፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ አይካፈልም» አለኝ። በካልኩሌተር በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13 ሞከርኩ፣ አልካፈል አለ። እስከ ስንት ልሞክር? ቆጣሪው የዞረውስ ቁጥሩ ፕራይም ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ሁለተኛዋን ቶሎ ልገላግልህ። አይደለም። ቆጣሪህ 32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚይዙ 32 ቦታዎች አሉት። አንዱ ለምልክት (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ) ይሄዳል፣ 31 ይቀራል። ሁሉም 1 ሲሆኑ ያንን ቁጥር ይሰጡሃል። ሌላ አንድ ስትጨምር የምልክቱን ቢት ይነካዋል፣ አለቀ። ፕራይም መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። የ16 ቢቱ ጣሪያ 32767 እኮ በ7 ይካፈላል።

አሁን ወደ ጣፋጩ እንምጣ። እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም እስከ 46,340 ብትሞክር ይበቃል። ግን እዚያ ድረስ ወደ 4,800 የሚጠጉ ፕራይሞች አሉ። ጣትህ ያልቃል!

የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ግን በ1772 እ.ኤ.አ. ይህ ቁጥር ፕራይም መሆኑን አረጋግጧል፤ ያውም ዓይኑ ሊጠፋ ምንም ያልቀረው ሰው። ዘዴው እንዲህ ነው። ቁጥሩ 31 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ስትቀንስ የሚገኘው ነው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ሌላ ፕራይም ካለ፣ ለ248 (31 ጊዜ 8) ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። ስለዚህ 3፣ 7፣ 11፣ 13 ስትል የደከምከው በከንቱ ነው። የመጀመሪያው እውነተኛ እጩ 311 ነው (248 ሲደመር 63)። ካልኩሌተርህን አውጣ፦ 311 ጊዜ 6905092፣ 2147483612 ይመጣል። 35 ተረፈ። ቀጣዩ እጩ 1303 ነው፤ እሱም 226 ያተርፋል። እንዲህ እያልክ ስትሄድ እስከ 46,340 ድረስ የሚፈተኑት 400 እንኳ አይሞሉም፤ ከነሱም ፕራይም ያልሆኑትን ትዘላለህ።

እኔ ይህን ዘዴ ሳላውቅ ጉድ ሆኛለሁ። በማስተምርበት ጊዜ ሰሌዳው ላይ 2047 ጻፍኩና «11 ፕራይም ስለሆነ 11 ሁለቶች አባዝተን 1 ስንቀንስ የሚመጣውም ፕራይም ነው» ብዬ በኩራት ተናገርኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ 23 ጊዜ 89 ስንት ነው?» አለችኝ። አባዛሁት። 2047! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። 23 ደግሞ ምንድን ነው? 11 በ2 ተባዝቶ አንድ ሲጨመርበት። የ31ዱ እጩዎችም ለ62፣ ማለትም ለ31 እጥፍ ሲካፈሉ 1 ነው የሚያተርፉት። መጀመሪያ መሞከር የነበረብኝ ራሱ!

አንተም 23 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ቀንስ፣ 8388607 ታገኛለህ። ከዚያ በ47 ጀምር።